ከጦርነቱ በፊት የነበሩት ዓመታት

ከካርቱም ተርፌ መምጣቴን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጦርነቱ ነው። ከባድ መሣሪያው ምን ያህል ቀረባችሁ? ሬሳ አየሽ? መንገድ ላይ ምን አደረጓችሁ? እመልሳለሁ፤ ያየሁትን መናገር ግዴታዬ ነው። ነገር ግን ዴም ሰፈር በአንድ ግቢ አብረን የኖርን ሴቶች ጤናችንን ማጣት የጀመርነው ጦርነቱ በፈነዳበት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. አይደለም። ጦርነቱ ሲመጣ ያገኘን ተዳክመን ነው። ስላዳከመን ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ስላላገኘሁ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ተምሬያለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ስሜን ስፈልግ ከረምኩና፣ አልሆን ሲል በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገርኩ። መጀመሪያ በሰው ቤት ሻጋላ (የቤት ሠራተኛ) ሆኜ ሠራሁ፤ ልብስ አጠብኩ፣ ወለል ወለወልኩ፣ የሰው ልጅ አሳደግሁ። ትንሽ ገንዘብ ስቋጥር ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር መንገድ ዳር ሻይና ቡና መሸጥ ጀመርኩ። ካርቱም ውስጥ ይህ የሴት ሥራ ነው፤ ሻጯን «ሲት ሻይ» ይሏታል። የከሰል ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የብርጭቆ መደርደሪያ፣ ለደንበኛ በገመድ የተሠሩ ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ጠዋት ሻይ በናና፣ ቀን ከርከዴ፣ ማታ ዝንጅብል የበዛበት ቡና።

ዴም ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሹሩባ ሠሪዋ፣ የሀዋላው ሰውዬ፣ የበርበሬና የሽሮ ሱቁ፣ ሁሉም ባንድ መንገድ ላይ ነበር። የምንኖርበት ግቢ መሀሉ ባዶ፣ ክፍሎቹ ዙሪያውን የተደረደሩ ነው። በሦስት ክፍል የተለያየ ዕድሜ ያለን ሴቶች ነበርን። ገና ሃያ ያልሞላት ልጅ አለች፤ ትንሿ እንላታለን። እኔና እኩዮቼ በሠላሳዎቹ ውስጥ ነን። ከሁላችንም በላይ እማማ አሉ፤ በደርግ ዘመን በእግራቸው ገብተው በዚያው የቀሩ። ኒሜሪ በ1977 ሲወድቅ፣ በ1980 ክረምት ካርቱምን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት፣ በሽር በሰኔ 1981 ሥልጣን ሲይዝ እዚያው ነበሩ። ይህንን ሁሉ ሲያወሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

አሁን ከሻን ላስረዳ። ከሻ አፈሳ ነው። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ለመያዝ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ፈቃድ የሚሸጠውን ለማንሳት ሊሆን ይችላል። መንገዱ ጫፍ ላይ አንድ ልጅ «ከሻ!» ብሎ ሲጮህ መጀመሪያ የማነሳው ብርጭቆዎቹን ነበር፤ ተሰብረው ሲተኩ ውድ ናቸው። ቀጥሎ ስኳሩን። ማንቆርቆሪያውን በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ጎኔ ያለው የስልክ ካርድ ሻጭ ጠረጴዛ ሥር እሸጉጠዋለሁ። ምድጃው ግን ፍም ስለያዘ አይነሳም፤ ጥዬው እሮጣለሁ። መኪናው ካለፈ በኋላ ስመለስ ምድጃው ካለ ተመስገን ነው፤ ከሌለ ደግሞ የሳምንት ልፋቴ አብሮት ሄዷል። ከተያዝኩ ቅጣት አለ፣ ቅጣቱን ለመክፈል ብድር አለ፣ ብድሩን ለመክፈል ሌላ ሳምንት አለ።

ሰው የሚያደክመው ከሻ የመጣበት ቀን እንዳይመስላችሁ። በመጣበት ቀን ትሮጣላችሁ፣ ታዝናላችሁ፣ ማታ ተሰብስባችሁ ታወሩታላችሁ፤ ያልቃል። ባልመጣበት ቀን ግን ጆሮ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ይውላል። ለደንበኛ ሻይ እየቀዳሁ ዓይኔ መንገዱ ጫፍ ላይ ነው። ፒክአፕ መኪና ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል፤ መኪናው ሽንኩርት ጭኖም ቢሆን። እንዲህ የተዋለባቸው ቀናት ዓመታት ሆኑ። ሱዳናውያቱም ሻይ ሻጮች ይህን ኑሮ ያውቁታል። የምግብና የሻይ ሻጭ ሴቶችን ማኅበር የመሠረተችው አዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ በዕዳ ምክንያት እስር ቤት ገብታ የወጣች ሴት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለጀግና ሴቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ዋሽንግተን ላይ ተቀብላለች። በኅዳር 2012 የሴቶችን አለባበስና አዋዋል ሳይቀር የሚቆጣጠረው የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ሲሻር ሰፈሩ ውስጥ እልልታ ነበር። ለእኛ ለሐበሾቹ ግን የኢቃማው ነገር እዚያው ነበር።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር አለ። ሱዳን ታኅሣሥ 2011 በዳቦ ዋጋ የተነሳ ተቃወመች፣ ሚያዝያ 3 ቀን በሽር ወረደ፣ ግንቦት 26 ቀን ከጦር ኃይሉ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ለተቃውሞ የተቀመጡት ወጣቶች ተገደሉ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ደግሞ ወታደሮቹ የሽግግር መንግሥቱን ገለበጡት። ይህ በታሪክ ይጻፋል። የእኛን ጓዳ የነካው የካቲት 2013 ነው። በአንድ ቀን የመንግሥት ምንዛሬ አንድ ዶላር ከ55 ወደ 375 የሱዳን ፓውንድ ወጣ። በዚያው ዓመት ክረምት የዋጋ ንረቱ ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። ይህ ቁጥር መንገድ ዳር ላለች ሻይ ሻጭ ምን ማለት ነው? ጠዋት የገዛሁትን ስኳር በሻይ ሸጬ ማታ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ስኳር መግዛት አልችልም ማለት ነው። የሻዩን ዋጋ ልጨምር ብል ደንበኛው ይሸሻል፤ ባልጨምር እከስራለሁ። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ይህንን ሒሳብ እሠራለሁ።

ማታ ስልክ ይጮሃል። እናቴ ናት፤ ወይም ወንድሜ። «እንዴት ነሽ፣ ደኅና ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከተባለ በኋላ ትንሽ ዝም ይባላል። ያቺን ዝምታ በስደት ያለ ሁሉ ያውቃታል። ቀጥሎ የሚመጣው የቤት ኪራይ ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የፋሲካ በግ ነው፣ የዘመድ ልቅሶ ነው። አልወቅሳቸውም፤ ለዚያው ብዬ የወጣሁ ነኝ። ነገር ግን ጨጓራዬ የሚነሳው ከስልኩ በኋላ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ጨጓራ የሌለባት አልነበረችም። የኦሜፕራዞል ኪኒን በየትራሱ ሥር ነበር፤ አንዷ ሲያልቅባት ከሌላዋ ትዋሳለች። (ጨጓራ ሁሉ ከጭንቀት ይመጣል ማለቴ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ አለበት፤ መመርመርና መታከም ያስፈልጋል። ጭንቀት ግን ሕመሙን ያባብሰዋል።)

በተማሪነቴ ያነበብኩት ትዝ ይለኝ የጀመረው እዚያ ባለሁበት ጊዜ ነው። ሀንስ ሰልየ እ.ኤ.አ. በ1936 አካል ለመከራ የሚሰጠውን መልስ በሦስት ደረጃ አስቀምጦታል፦ መደንገጥ፣ መቋቋም፣ በመጨረሻም መዛል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሆምስና ራሂ የተባሉ ሐኪሞች ሰውን ለበሽታ የሚያጋልጡ 43 የሕይወት ክስተቶችን በነጥብ ደረደሩ፤ የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ጋብቻ 50። ይህን ዝርዝር ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር። ካርቱም ላይ ግን ነጥቦቼን ስቆጥር ምንም አልሞላ አለኝ፤ አልተጋባሁ፣ አልተፋታሁ፣ ሰው አልሞተብኝ። ታዲያ ለምን እንዲህ ደከመኝ? መልሱ ያለው ሪቻርድ ላዛረስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት ውስጥ ነው። ሰዎችን ለወራት ተከታትለው ያገኙት፣ የሰውን የሥነ ልቦና ጤና ሁኔታ ከትልልቆቹ ክስተቶች ይልቅ የየዕለቱ ጥቃቅን ብስጭቶች የበለጠ እንደሚጠቁሙት ነው። የጠፋ ቁልፍ፣ ያልበቃ ገንዘብ፣ የጎረቤት ንትርክ። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ከሻው፣ ስኳሩ፣ ስልኩ።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ግልጽ ነው። አደጋ ሲመጣ አድሬናሊን ልብን ያፈጥናል፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ኮርቲሶል ይከተላል። ለመሮጥ ይህ መልካም ነው። ኮርቲሶል በጤናማ ሰው ጠዋት ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ይላል፤ እንቅልፍም የሚመጣው ያኔ ነው። ጭንቀት ሳያባራ ለዓመታት ሲቆይ ግን ይህ መውጣትና መውረድ ይዛባል፤ ሰውየው ጠዋት ድካም፣ ማታ ንቃት ይሆንበታል። ብሩስ ማክዩወን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያስረዳው ይህንኑ ነበር፦ ሰውነት ራሱን ለመከላከል በየቀኑ የሚያወጣው ወጪ ተጠራቅሞ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳው የደም ሥርን፣ ልብን፣ ስኳርን፣ የማስታወስ ችሎታን ይነካል።

በግቢያችን የነበርነው ሦስት ዕድሜዎች ይህንን በየራሳችን መንገድ ነበር የምንሸከመው። ትንሿ ከሁላችንም ፈጥና ትደነግጣለች፣ ፈጥና ታለቅሳለች። አሠሪዋ ከተቆጣቻት ያን ቀን እህል አትቀምስም። እኛ የመሀሎቹ አናለቅስም ነበር፤ አናወራምም። በአንድ በኩል እናትና አባት፣ በሌላ በኩል አገር ቤት ከአያት ጋር የቀረ ልጅ፣ በመሀል እኛ። እንቅልፍ ያጣነው እኛ ነን። ከእኩዮቼ አንዷ ሌሊት ተነስታ ግቢውን ትጠርግ ነበር፤ የመጥረጊያውን ድምፅ እየሰማሁ እኔም ተኝቼ ጣሪያ አያለሁ። እማማ ግን ከሻ መጣ ሲባሉ «ይመጣል፣ ይሄዳል» ይሉና እጣኑን ያጨሳሉ። ትንሿን ወደ ራሳቸው ስበው «ነይ ልጄ፣ ቡና እስኪደርስ ፈንዲሻውን ብዪ» ይሏታል። አሠሪዋ ምን እንዳለቻት አይጠይቋትም። እሷ ራሷ በሁለተኛው ስኒ ላይ ትጀምረዋለች።

ከዓመታት በኋላ የዴቪድ አልሜዳን ጥናት ሳነብ እማማን ነው ያስታወስኩት። አልሜዳና ባልደረቦቹ አሜሪካውያን ጎልማሶችን ስምንት ምሽት በተከታታይ ስልክ እየደወሉ «ዛሬ ምን ገጠመህ? ምን ተሰማህ?» ብለው ጠየቁ፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሰው ያንኑ ሰው ጠየቁ። ወጣቶች በየቀኑ የሚገጥማቸው ብስጭት ይበዛል፣ ንዴታቸውም ይከፋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱም ይቀንሳሉ። ሌላም አገኙ፦ በዕለታዊ ብስጭት ክፉኛ የሚናወጥ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ለድባቴም ለሥር ሰደድ በሽታም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የትንሿን ለቅሶ «ልጅነት ነው፣ ይለቃታል» ብለን ማለፍ እንደማይገባን የተረዳሁት ከዚህ ነው።

የእማማ እርጋታ እውነተኛ ነበር። ደም ግፊታቸውም እውነተኛ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ። ልባቸው መረበሹን ቢተውም የደም ሥራቸው ያለፉትን አርባ ዓመታት ይዞ ነበር። በየቀኑ ኪኒን ይወስዱ ነበር፤ ፋርማሲው ከግቢያችን ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር።

ጦርነቱ ቅዳሜ ጠዋት ጀመረ። ለእኛ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ለጎረቤቶቻችን የረመዳን የመጨረሻዎቹ ቀናት። ሰው ቄጤማ በራሱ ላይ አስሮ፣ ሽንኩርት ከትፎ፣ ዶሮ ገዝቶ ሌሊቱን ይጠብቃል። በአልቡርሃን የሚመራው የሱዳን ጦርና በሄሜቲ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል መሀል ከተማ ላይ ተታኮሱ፤ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የጦሩ ዋና መምሪያ ነደዱ። ዴም ከአውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም። መስኮቱ ሲረግፍ ሁላችንም እማማ ክፍል ገብተን አልጋ ሥር ተኛን። መብራት ሄደ፣ ውኃ ቆመ። ዶሮው እንዳይበላሽ በከሰል ሠርተነው ፋሲካን በሻማ ፈሰክን። ሱዳናዊው ጎረቤታችን ለማፍጠር ያዘጋጀውን ተምር ከልጁ ጋር በአጥር በኩል ላከልን፤ እኛም የቀረንን ዱቄት አካፈልናቸው።

በእነዚያ ሳምንታት የሆነውን በጥንቃቄ ልናገር፤ ስለማይታመን። ጨጓራዬ አልታመመም። ኪኒኑ ትዝም አላለኝ። ሌሊት ግቢ ትጠርግ የነበረችው እኩያዬ በተኩስ መሀል እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ከሻ የለ፣ ኢቃማ የሚጠይቅ የለ፣ ኔትወርክ ስለሌለ የሚደውል የለ። ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ውኃ ማግኘትና በሕይወት ማደር። የሰውነት የመጀመሪያው መልስ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይሰጣል። ማስቀመጫው ግን ድሮውንም ተሟጥጦ ነበር።

ከሁሉ ቀድሞ ያለቀው የእማማ ኪኒን ነው። ፋርማሲው ተዘርፎ ነበር፤ በከተማዋ ያሉት አብዛኞቹ ሆስፒታሎችም ሥራ አቁመው ነበር። እማማ የቀረውን ኪኒን በምላጭ ለሁለት ከፈሉት፣ ቆይተው ለአራት። ምላጩን ይዘው፣ መሀረባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ የተፈረፈረውን በምላሳቸው ጫፍ ሲያነሱት ዓይኔ አይቷል። «እማማ፣ እንውጣ» ስላቸው «የት? ያሳደገችኝ አገር ናት» ይሉ ነበር። በመጨረሻ የተነሱት ለትንሿ ብለው ነው፤ ልጅቷን ብቻዋን በዚያ መንገድ መላክ አልሆነላቸውም።

ገንዘባችንን አዋጥተን አውቶቡስ ተሳፈርን። ዋድ መዳኒ፣ ገዳሪፍ፣ ጋላባት፣ መተማ። በየኬላው እንወርዳለን፣ እንፈተሻለን፣ ስልካችንን የሚወስድ ይወስዳል። ገዳሪፍ መናኸሪያ ላይ እማማ ውኃ ሲጠጡ ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ሄደ። ስትሮክ ነበር። ያልታከመ ደም ግፊት የሚያደርሰው ይህንኑ ነው፤ ተምረነዋል። ተሸክመን አሻገርናቸው።

እኔ የወደቅሁት መተማ ነው። የኢትዮጵያ ባንዲራ አይቼ፣ ብስኩትና ውኃ ተሰጥቶኝ፣ ጥላ ሥር ከተቀመጥኩ በኋላ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለቀናት አልቆመም። ጨጓራዬ ተመለሰ፣ ራስ ምታቱ ተመለሰ፣ እንቅልፍ ጠፋ። መዝጋቢዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ስለ ተኩሱ፣ ስለ ዘረፋው ጠየቁኝ። አብረውኝ ተራ የያዙት ሴቶች እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ግን ሌላ ነበር። ስልኬን የት ቻርጅ አድርጌ እናቴ ጋ ልደውል? ባዶ እጄን እንዴት ቤት እገባለሁ? የቀበሌ መታወቂያዬ አብሮ ተቃጥሏል፣ ማን ያምነኛል? ያ ሁሉ ጥቃቅን ነገር መተማ ቆሞ እየጠበቀን ነበር። ጎንደር ስደርስ ከዘመዶቼ አንዱ በሦስተኛው ቀን «ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ። ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ ላይ የጥይት ድምፅ ጎንደርም መጣ። ከመድፉ ይልቅ ለረዥም ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ የዘመዴ ጥያቄ ነው።

ጦሩ ካርቱምን በመጋቢት 2017 መልሶ ሲይዝ ዜናውን ለእማማ ነገርኳቸው። ጎንደር የእህታቸው ልጅ ቤት ናቸው፤ ቃል ለማውጣት ይከብዳቸዋል፣ ቀኝ እጃቸው አይነሳም። ኪኒናቸውን አሁን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ትንሿ አዲስ አበባ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ ፒክአፕ ስታይ አሁንም ትቆማለች።

ይህን የጻፍኩት ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። ከስደት የሚመለሱትን ለምትቀበሉ፦ ስለ ጥይቱ ጠይቁ፣ ከዚያ በፊት ግን ግፊታቸውን ለኩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጠይቁ፣ በዚህ ሳምንት የሚያስጨንቃቸው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በአንድ መታወቂያ፣ በአንድ የስልክ ጥሪ፣ በአንድ ወር የኪራይ ገንዘብ የሚቃለል ነገር ነው። እህታችሁ፣ እናታችሁ፣ ልጃችሁ ቤሩት ወይም ሪያድ ወይም ጁባ ያለች ደግሞ፦ ችግራችሁን አትደብቋት፤ ግን ከአራት ጥሪ አንዱን ምንም ሳትጠይቋት ደውሉላት። ጨጓራዋ እንዴት እንደሆነ ጠይቋት። ሐኪም ቤት ሄዳ ግፊቷን እንድትለካ ንገሯት፤ በሚቀጥለው ስትደውሉም ተለክታ እንደሆነ አረጋግጡ።